እጄ አያውቀውም

ስሟን አልነግራችሁም። ዘመዶቿ ብዙ ናቸው፤ ይቀየሙኛል። አምባ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን ገደል የከበባት፣ ከሌላው ዓለም ጋር በአንድ የድንጋይ ድልድይ ብቻ የምትገናኝ አገር ነበረች ካልኳችሁ ይበቃል። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ቅርቡም ሩቁም፣ በአገሬው አነጋገር «ማዶ» ይባላል።

በዚያች አገር የሚጠቅም ነገር ሁሉ ከማዶ ይመጣል። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በብራና የተጻፈ ሕግ ነው። በጥንት ዘመን የነበሩ አንድ ንጉሥ ከማዶ ነጋዴ መስተዋት ተቀበሉ አሉ። ፊታቸውን ቢያዩት በጣም ስለወደዱት «ከእንግዲህ በአገሬ የሚደነቅ ዕቃ ሁሉ የማዶ ይሁን» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ንጉሡ ሞቱ፣ መስተዋቱም ተሰበረ፤ አዋጁን የሚሰብረው ግን ጠፋ።

ችግሩ ማዶዎች እምብዛም ብቅ አለማለታቸው ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ድልድዩም ጠባብ ነው። የአገሪቱ ቀጥቃጮች ደግሞ እጃቸው አርፎ አይቀመጥም። ዛሬ አንዱ ማረሻውን ያሻሽላል፣ ነገ ሌላው ሌባ የማይከፍተው ቁልፍ ያበጃል። የሚጠቅም ነገር እዚሁ ተሠርቶ ሲገኝ ሕጉን ምን ይዋጠው? «የእንግዳ ዕቃ አጋፋሪ» የሚባለው ሹመት የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሠሪው ከነዕቃው ወደ ድልድዩ ይወርዳል። አጋፋሪው በእጁ ላይ ውኃ ያፈሱለታል፤ እሱም እየታጠበ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ ሦስት ጊዜ «እጄ አያውቀውም» ብሎ ይምላል። ከዚያ ዕቃው ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሰባት ቀን ይሰነብታል። ለመሸከም የማይመች ከሆነ አንድ ቁራጩ ይሄድለታል። በነዚያ ሰባት ቀናት ከፍየል በቀር የሚጎበኘው የለም። በስምንተኛው ቀን በጥላና በእምቢልታ ታጅቦ ይመለሳል፤ ሕዝቡም ወጥቶ «እንኳን ደህና መጣህ» ይለዋል።

ከአጋፋሪው በታች ሁለት ሹማምንት አሉ። አንደኛው አሽታች ይባላሉ። ከማዶ የመጣ ዕቃ ባሕር ባሕር መሽተት አለበት፤ ካልሸተተ ሽታውን እሳቸው ይሰጡታል። በአገሪቱ ባሕር ያየ ሰው የለም። ጨዋማ ነው ሲባል ግን ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ አሽታቹ ዕቃውን በጨው ያሹታል። ሁለተኛው ስም አውጪ ናቸው። ለዕቃው ስም ያወጡና ከገበያ ሦስት ሰዎች አስጠርተው ያስሞክራሉ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ስሙን በትክክል ከጠራው ስሙ ይሰረዛል፣ ሌላ ይፈለጋል። የማዶ ስም ለአፍ የሚመች ከሆነ ምኑን የማዶ ሆነ ነው ነገሩ።

ዕቃው ሲበላሽስ? የማዶን ዕቃ የሚጠግነው የማዶ ሰው ብቻ ነው። የማዶ ሰው ባይኖርም የማዶ ሰው ልብስ አለ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጥቁር ካባ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ነጭ ጢም፣ ፊት ላይ የሚነሰነስ ዱቄት። ዕቃውን የሠራው ቀጥቃጭ ራሱ ይህን ለብሶ በከበሮ ይመጣል። በአገሩ ቋንቋ አንዲት ቃል መናገር አይፈቀድለትም፤ ማጉረምረም ግን ይችላል። በመጋረጃ ተከልሎ ይጠግንና ሲወጣ ይጨበጨብለታል። «ወይ ጥበብ! እነሱ እኮ ሌላ ናቸው» ይባላል። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እንዳላወቀ ሆኖ ያጨበጭባል። እንዲህ ያለ ጭብጨባ እጅን ሳይሆን አንገትን ያደክማል፤ ቀና ማለት ያስረሳልና።

እንግዲህ ወደ ደብሪቱ ልምጣ።

ደብሪቱ የቀጥቃጩ የጓንጉል ልጅ ናት። ጓንጉል ዝምተኛ ሰው ነበር። የግራ እጁን የመሐል ጣት በወጣትነቱ መዶሻ ስለቆረጠው ጣቱ ግማሽ ብቻ ነበር። ሲያስብ በዚያች ግማሽ ጣት ጉልበቱን መታ መታ ያደርጋል። ከዕለታት አንድ ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ነፋሱ የሰው ነጠላ ሲነጥቅ አየና «ይህ ነፋስ ያለ ቀንበር የሚሮጥ በሬ ነው፤ ማን ጠመደው?» አለ። ጠመደው። አራት የሸራ ክንፍ ያለው፣ በነፋስ የሚዞር ወፍጮ ሠራ። ሴቶች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው የሚፈጩትን እህል ወፍጮው ከቁርስ እስከ ምሳ ጨረሰው።

ጓንጉል እንደ ሥርዓቱ ወደ ድልድዩ ወርዶ እጁን ታጠበ፣ ማለ። የወፍጮው አንድ ክንፍ ማዶ ሰባት ቀን ሰንብቶ ተመለሰ። በጨው ታሸ። ስም አውጪውም «ሽክርብዝግንጥፍ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከገበያ የተጠሩት ሦስቱም ሰዎች ምላሳቸው ተተብትቦ ስለቀረ ስሙ ጸደቀ። ሕዝቡ ግን «ያ የማዶው» እያለ ነበር የሚጠራው።

በሁለተኛው ዓመት ወፍጮው ቆመ። ደብሪቱ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ጠዋት «ከሰል ላመጣ ነው» ብሎ ወጣ። ረፋዱ ላይ ከበሮ ሲሰማ እናቷ እጇን ይዛት ወደ አደባባይ ሮጡ። የማዶ ሰው እየመጣ ነበር፤ ጢሙ ነጭ፣ ፊቱ ነጭ፣ ካባው መሬት የሚጠርግ። ልጅቱ በፍርሃትና በአድናቆት አፏን ከፍታ ታየው ነበር። በአጠገቧ ሲያልፍ የእሳት ፍንጣሪ የበሳው የካባው ግራ እጅጌ ገለጥ አለና እጁ ታየ። የመሐል ጣቱ ግማሽ ነበረች።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች።

ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። እናቷ አፏን በመዳፏ ያዘችው፤ ከኋላ የቆመ አንድ ወታደር ደግሞ ጭንቅላቷን በኩርኩም አላት። የማዶው ሰው ለአንድ አፍታ ወደ እሷ ዞረ። በዱቄቱ መሐል ዓይኖቹ ብቻ ጥቁር ሆነው ይታዩ ነበር። ከዚያ እንደማያውቃት ሆኖ አልፏት ሄደ።

ማምሻውን ቤት ሲመለስ ደብሪቱ ጥግ ይዛ አኩርፋ አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠና በዚያች ግማሽ ጣት ጉልበቷን መታ መታ አደረጋት።

«ልክ ነበርሽ» አላት፤ «አልፌሽ የሄድኩት በአንቺ አፍሬ አይደለም። በራሴ አፍሬ ነው።»

ይህን ከማንም ሰምታው አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወናፉ ሥር አልጠፋችም። ብረት መጋል፣ ነሐስ ማቅለጥ፣ በሰም ቅርጽ ማውጣት ተማረች። ዕድሜዋ ሃያ ሲሆን ጓንጉል ታመመ። ከመሞቱ በፊት አስጠርቷት «ያን ጊዜ በመጋረጃው ውስጥ ሆኜ ለወፍጮው ክንፎቹ የሚሰኩበትን እምብርት በአዲስ ነሐስ ቀይሬለታለሁ። ከውስጥ በኩል ምልክት አድርጌበታለሁ። ካልተፈታ አይታይም» አላት። ምን ምልክት እንደሆነ ስትጠይቀው ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰላትም። እሷም ወፍጮውን ፈትታ እንዳታይ የአጋፋሪው ማኅተም ነበረበት። ትኩሳቱ አስቀባጥሮት እንደሆነስ? ይህን ጥርጣሬ ሠላሳ ዓመት ተሸክማው ኖረች።

ያችን አገር ከሁሉ በላይ የሚጎዳት የውኃ ነገር ነበር። ወንዙ ከገደሉ ሥር ነው የሚፈሰው። ሴቶቹ እንስራ አዝለው አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ይወርዳሉ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ይወጣሉ። የደብሪቱ እናት ወገቧ የጎበጠው በዚያ ደረጃ ነው። ወንዶቹ ደረጃው በጥሩ ድንጋይ የተሠራ መሆኑን አዘውትረው ያወሩ ነበር።

ደብሪቱ ስድስት ዓመት ሠራች። ወንዙ ትልቅ መንኮራኩር እንዲያዞር አደረገች። መንኮራኩሩ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ በነሐስ ቱቦ ውስጥ መግፊያ ሽቅብ ቁልቁል ያደርጋል፤ በየቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈት የቆዳ ክዳን አለ። የወጣ ውኃ ተመልሶ እንዳይወርድ ክዳኑ ይከለክለዋል። ውኃው እንዲህ እያለ ገደሉን በአራት ማረፊያ ይወጣል። መጀመሪያ ቱቦውን ከቀርከሃ ሠራችው፤ ፈነዳ። ሁለተኛው መግፊያ አፈሰሰ። ሦስተኛው ዘንግ በክረምት ሙላት ተወሰደና ከስድስት ወር በኋላ ጎረቤት አገር ውስጥ ለአጥር ቋሚ ሆኖ ተገኘ። እሷ ግን አልተወችውም።

ብቻዋንም አልሠራችውም። የቆዳ ክዳኖቹን የሰፋችላት ጎረቤቷ እትዬ የውብዳር ናት፤ መርፌዋ የተመሰገነ፣ ምላሷም እንደ መርፌዋ የሆነ ሴት። የማረፊያዎቹን ድንጋይ የሰፈሩ ሴቶች አቀበሉ፤ ቱቦውን በገመድ የጎተቱት እነሱው ናቸው።

ውኃው ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ ላይ ሲደርስ ቱቦው መጀመሪያ አቃሰተ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ ከዚያ ተፋ። ሴቶቹ እልል አሉ። የውብዳር ከነልብሷ ሥሩ ቆማ ራሷን አስመታች። ደብሪቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኩራት እንዲህ ያስለቅሳል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም።

አጋፋሪ ይመኑ ወዲያው ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእጃቸው ማንቆርቆሪያ ይዘው የኖሩ፣ ሲሄዱ ከኋላቸው ሳህን የያዘ አሽከር የሚከተላቸው።

«እሰይ!» አሉ ቱቦውን በአድናቆት እያዩ፤ «ማዶዎች ዛሬስ በጣም አስበውልናል።»

«የማዶ አይደለም ጌታዬ» አለች ደብሪቱ፤ «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ለዚህ አይደል እጅሽን የምትታጠቢው?»

«አልታጠብም።»

አጋፋሪው ማንቆርቆሪያውን አወረዱ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ግራ ገብቷቸው ነበር። «ልጄ፣ ያልታጠበ እጅ ዕቃ እንግዳ አይደለም። እንግዳ ካልሆነ ከየትም አልመጣም። ከየትም ያልመጣ ነገር ደግሞ የለም። በሌለ ቱቦ የወጣ ውኃ እንዴት ተደርጎ ይጠጣል?»

«በጣሳ» አለች የውብዳር።

አጋፋሪው አልሳቁም። የወንዙን መንኮራኩር በሰንሰለት አሳሰሩ፣ የቱቦውን አፍ በሰም አሳተሙ። ሴቶቹ በማግስቱ እንስራቸውን አዝለው ደረጃውን ወረዱ። ሲወርዱም ሲወጡም የነሐሱ ቱቦ በጎናቸው አለ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ደብሪቱ በሰፈር ስታልፍ መጀመሪያ «አይዞሽ፣ በርቺ» ይሏት የነበሩ ሴቶች እየቆዩ ዝም አሏት። አልፈረደችባቸውም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ የወጣ ሰው በርቺ ለማለት ትንፋሽ ከየት ያመጣል? በሦስተኛው ወር መጨረሻ የውብዳር ከነእንስራዋ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ።

ደብሪቱ ልትጠይቃት ስትሄድ አልጋ ላይ ተጋድማ አገኘቻት። አጠገቧ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥርና ትፈታ ጀመር።

«በይ ተናገሪው» አለች የውብዳር፤ «ለቅሶ እንደደረሰ ሰው አትቀመጪብኝ።»

«እትዬ፣ ባልታጠብ ስህተት ነው?»

«ስህተትስ አይደለም። ትልቅ ነገር ነው።» የውብዳር ወደ ግድግዳው ዞረች። «ግን ስምሽ አይጠጣም፣ ደብሪቱ። እኔ ሞክሬዋለሁ።»

በማግስቱ ደብሪቱ ወደ ድልድዩ ወረደች።

አጋፋሪው በደስታ ውኃውን አፈሰሱላት። አንደኛውን «እጄ አያውቀውም» ስትል ድምፅዋ ተሰማ። ሁለተኛውን ስትል ከፊት ያሉት ብቻ ሰሙ። ሦስተኛውን አጋፋሪው ከከንፈሯ እንቅስቃሴ ነው ያነበቡት፤ ይሁንና ቆጠሩላት። ከጥፍሮቿ ሥር ያለው የስድስት ዓመት ጥላሸት ግን አልለቀቀም፤ ሳህን ያዡ ሁለት ጊዜ ቢያሻትም እምቢ አለ።

የቱቦው ክዳን ማዶ ሰባት ቀን ሰንብቶ በእምቢልታ ተመለሰ። የዘመኑ ንጉሥ ራሳቸው አደባባይ ወጡ፤ እንግዳውን ውኃ መጀመሪያ የሚቀምሱት እሳቸው ናቸውና በእጃቸው የወርቅ ዋንጫ ይዘዋል። የውብዳርም በቃሬዛ ተጭና መጣች። ስም አውጪው ለዕቃው «እንዝግርክልፍጥም» የሚል ስም አውጥተው ሦስቱን ሰዎች አስሞክረው ነበር። ሦስተኛው ስሙን ሊጠራ ሲል አስነጠሰና ስሙ በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ተራው የአሽታቹ ሆነ። ቱቦውን አሸተቱ። «ነሐስ ነሐስ ይላል» አሉ ፊታቸውን አጨማድደው፤ «ይህን ያህል ሩቅ የተጓዘ ዕቃ ይህን ያህል ብቻ መሽተት የለበትም።» ሦስት ቁና ድፍን ጨው አስመጡና በቱቦው አፍ ያስገለብጡ ጀመር።

ደብሪቱ ወደ ቱቦው ሮጠች። «ጌቶቼ፣ እባካችሁ! ውስጡ የቆዳ ክዳን አለ፣ የጨው ጓል ገብቶ ከሸነቆረው አይዘጋም!»

አጋፋሪው በትዕግሥት ዞሩ። «አንቺ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«እንዴት አላው—»

«ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ምለሻል፤ ቆጥሬልሻለሁ። የማታውቂውን ዕቃ ምን አገባሽ?»

ሦስተኛው ቁና ተገለበጠ። ከታች ሰንሰለቱ ተፈታ፤ መንኮራኩሩ ዞረ። ቱቦው አቃሰተ። አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ከዚያ አንድ ጉንጭ የማይሞላ ጨዋማ ጭቃ በንጉሡ ዋንጫ ውስጥ ተፍቶ ጸጥ አለ።

ንጉሡ ዋንጫውን አዩት፤ ከዚያ አጋፋሪውን አዩ።

«ችግር የለም ጃንሆይ!» አሉ አጋፋሪው። «የማዶው ሰው ይጠራ!»

ከበሮው ተመታ። ሁሉም ጠበቀ። አጋፋሪው ቀስ ብለው ወደ ደብሪቱ ቀረቡና ልብሱን በእቅፏ ላይ አስቀመጡላት። «ቶሎ በይ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ጢሙን ጠበቅ አድርጊው። እያጉረመረምሽ ግቢ።»

ካባው ያው የድሮው ካባ ነበር። በግራ እጅጌው ላይ የእሳት ፍንጣሪ የበላው ቀዳዳ አለ፤ ያን ቀዳዳ ታውቀዋለች። አንገትጌውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጨው አልሸተታትም። የሸተታት ከሰልና ላብ ነበር፤ የወናፉ ሥር፣ የአባቷ ትከሻ። ያ በዱቄት መሐል የጠቆረ ዓይን ትዝ አላት።

ካባውን አጥፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን አባቴ ለብሶታል» አለች፤ አሁን ድምፅዋ አደባባዩን ሞላው። «ለዘር ማንዘሩ ይበቃዋል። ይህን ዕቃ እጄ ያውቀዋል! የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምጠግነውም እኔ ነኝ፤ ፊቴን ዱቄት አልቀባም።»

መሐላ ያፈረሰ ቀጥቃጭ ቅጣቱ የታወቀ ነው። ዕቃው ወደ ገደል ይጣላል፤ እሱም ዕድሜ ልኩን መዶሻ እንዳይነካ ይፈረድበታል። ደብሪቱ ይህን ታውቃለች። ምናልባት የመጨረሻ ሥራዬ ይሆናል ብላ እያሰበች መጋረጃ ሳትጋርድ፣ ሕዝብ እያየ፣ ቱቦውን ፈታች። ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ ጨውን በእፍኝ በእፍኝ አወጣች። የተሸነቆረውን ቆዳ ነቅላ ወደ ቃሬዛው ዞረች።

የውብዳር የመጠገኛ ቆዳና መርፌ ከጡቷ ሥር አውጥታ ነበር። «አምጪው» አለች፤ «እኔም አውቀዋለሁ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ወታደሮቹ ተንቀሳቀሱ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ መንገድ ላይ ቆመች። «የታችኛውን ማረፊያ ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ገመዱን የገመድኩት እኔ» አለች ሌላዋ። «መሬቱን የቆፈርኩት!» «ሰሙን ያቀለጥኩት!» አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወደ ኋላ ከቆሙበት «እኔ ምንም አልሠራሁም፤ ግን ስትሠራ አይቻታለሁ!» ብለው ጮኹ። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ደግሞ ፍርሃቱን ይዞት ሄደ።

ቆዳው ተሰፋ። ደብሪቱ መለሰችው፣ ቱቦውን ገጠመች፣ ቆማ ጠበቀች። ቱቦው አቃሰተ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። ውኃው እንደ በዓል ቀን ፈረስ ዘሎ ወጣ።

አጋፋሪ ይመኑ የሕጉን ብራና እያገላበጡ ነበር። ንጉሡ «ምን ይላል?» አሉ።

«ጃንሆይ፣ አንድ ሰው አውቀዋለሁ ካለ ቅጣቱ ተጽፏል። አገር በሙሉ አውቀዋለሁ ካለ...» ብራናውን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። «አልተጻፈም።»

ንጉሡ ዋንጫቸውን አለቅልቀው ሞሉና ጠጡ። ጥሩ ውኃ ሲጠጣ እንደሚደረገው ደግመው ሞሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «ለመሆኑ በአገሬ ካለው የእንግዳ ዕቃ ስንቱ ነው እንዲህ?» ሲሉ ጠየቁ። ሹማምንቱ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ቀጥቃጮቹ ግን፣ በየጥጉ የቆሙት፣ አንድ በአንድ ቀና አሉ።

ደብሪቱ ወደ ገደሉ አፋፍ፣ አራቱ ክንፎች ወደሚዞሩበት አመለከተች። «ጃንሆይ ከፈቀዱ፣ አንዱን ማሳየት እችላለሁ» አለች። ይህን ስትል ሠላሳ ዓመት የተሸከመችው ጥርጣሬ መጣባት። ምልክቱ ባይኖርስ? የአባቷ ነገር የበሽተኛ ቅዠት ከሆነስ? ያኔ ሰው ሁሉ ፊት ጓንጉልን ሁለተኛ ቀበረችው ማለት ነው።

ንጉሡ ፈቀዱ። ሕዝቡ ተከተለ። የውብዳርን በቃሬዛዋ ተሸከሟት። የአርባ ሦስት ዓመቱ ማኅተም ሲነሣ አጋፋሪው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክንፎቹ ታሰሩ፣ ዘንጉ ተደገፈ፤ ደብሪቱ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ አወለቀችና ከባዱን የነሐስ እምብርት ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና አወረደችው። ውስጡ የአርባ ዓመት ዱቄትና ቅባት ተጋግሮበት ነበር። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ምንም የለም። ወደ ጎን ጠረገችው። ምንም የለም። ጎንበስ ብላ ወደ ታች ጠረገችው።

ነሐሱ ውስጥ እጅ ነበር።

ጓንጉል ቅርጹን በሰም ሲያወጣ መዳፉን ለስላሳው ሰም ላይ ተጭኖ፣ ነሐሱንም በዚያው ቅርጽ አፍስሶት ኖሯል። መስመሩ፣ ጥፍሩ፣ የአውራ ጣቱ ጠባሳ ሳይቀር ጎልቶ ወጥቷል። ግራ እጅ ነው። የመሐል ጣቱ ግማሽ ናት። ሦስት ጊዜ አላውቀውም ያለው እጅ በወፍጮው ልብ ውስጥ ሆኖ ለአገሩ እህል ሲፈጭ ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ ሊያዩ ቀረቡ። አንደኛው ቆባቸውን አወለቁ። «የጓንጉል እጅ ነው» አሉ። ሌላው ደገመ። ስሙ ከአፍ አፍ እያለፈ እስከ አደባባዩ ደረሰ፤ የተሳሳተም፣ ምላሱ የተተበተበም አልነበረም። «የጓንጉል ወፍጮ! የጓንጉል ወፍጮ!»

አጋፋሪ ይመኑም ቀረቡና ብዙ አዩት። ማንቆርቆሪያው በእጃቸው ነበር። «ያን ቀን ውኃውን ያፈሰስኩበት እኔ ነበርኩ» አሉ ለማንም ሳይሆን። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ሹመቱ ዛሬም አለ ይባላል፤ ሹመት ቶሎ አይሞትም። ነገር ግን ወደ ድልድዩ የሚወርድ ቀጥቃጭ ስለጠፋ ሳህን ያዡ አሁን ሽንብራ ይቆላበታል ብለውኛል።

ደብሪቱ ግን ይህን ሁሉ አልሰማችም። ቅባት የጠገበ መዳፏን በአባቷ መዳፍ ላይ አድርጋ ነበር። ነሐሱ ከፀሐዩ ሞቋል። ኀምሳ ዓመት የሞላት፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት፣ ንጉሥና አገር ቆመው እያዩዋት፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«አባዬ!»

አፏን የያዛት ሰው አልነበረም።